ስለ ነፍስ ግድያ ቍጥርና ስለ ጠረፍ አገር



የመንግሥት ሥራ ይዞ ጥቂት ዓመታት የቈየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዐይነት ወረቀት አለ። በግራ በኩል የየክፍሉ ስም ከላይ ወደ ታች ይደረደራል፤ በቀኝ በኩል ቍጥሩ ይጻፋል፤ ከግርጌውም ይደመራል። ጕዳዩ የእህል ምርት ወይም የግብር ገቢ ወይም የተማሪዎች ብዛት በሆነ ጊዜ ይህ ወረቀት መልካም አገልጋይ ነው። በቀኙ ረድፍ የተገደሉ ሰዎች ቍጥር የተጻፈበት እንደ ሆነ ግን ዐይናችን ከቍጥሩ ወደ አገሩ ስም፥ ከስሙም ወደ ሕዝቡ ጠባይ ፈጥኖ ይዘላል። «የእገሌ አገር ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው፤ የእገሌ አገር ሰው ግን ሰላማዊ ነው» ለማለት አንዲት መስመር ትበቃናለች። ዳኛ እንኳ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም፤ እኛ ግን በአንድ አኀዝ በአንድ አገር ሕዝብ ላይ እንፈርዳለን።

ባለፈው ሳምንት በራዲዮን ያሰማነው፥ ዛሬም ለአንባብያን በጽሑፍ የምናቀርበው ንግግር የዚህን አኀዝ ታሪክ የሚመለከት ነው። ነገሩ በባዶ ሜዳ እንዳይቀር አንዲት የጠረፍ ከተማ ለምሳሌ መርጠናል፤ ይህችውም ቶንጎ ናት።

ቶንጎ ከአሶሳ በስተደቡብ የምትገኝ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በምዕራብ የሱዳን ወሰን አለ፤ በምሥራቅና በደቡብ ቤጊንና ቄለምን የያዘው የወለጋ ምድር ያዋስናታል። በወረዳው ማኦ፥ ኮሞ፥ ግዋማ፥ በርታና ኦሮሞ ተቀላቅለው ይኖራሉ፤ አንድ ሰው በአንድ የገበያ ቀን በሦስት ቋንቋ ቢነጋገር የሚደነቅ ሰው የለም። እንግዲህ በቶንጎ አጠገብ፥ ከአንድ የማሽላ ማሳ ዳር፥ አንድ ሰው ተገድሎ ተገኘ ብለን እናስብ። ይህ ሞት በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? ወይስ በየትኛውም ሳይጻፍ ይቀራል? ይህን ጥያቄ በየዘመኑ እየደጋገምን ብንጠይቅ፥ በወረቀቱ በቀኝ ረድፍ ስለሚታየው ቍጥር ብዙ ነገር ይገለጽልናል።

አስቀድሞ ግን ይህ ዐይነት ወረቀት ከየት እንደ መጣ ማየት ያስፈልጋል።

የሰው ደም ማፍሰስ በአንድ መንግሥት ግዛት ውስጥ ከክፍል ክፍል እንደሚለያይ በአኀዝ ለማሳየት ቀድመው ከተነሡት መካከል ፈረንሳዮች በግንባር ይጠቀሳሉ። የፈረንሳይ የፍርድ ሚኒስቴር ከ1825 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየፍርድ ቤቱ የቀረበውን የወንጀል ክስ እየደመረ በየዓመቱ የሚያሳውቅበትን ሥራ ጀመረ። አንድሬ ሚሼል ጌሪ የተባለ የሕግ ዐዋቂ ይህን ሁሉ ሰብስቦ በ1833 እ.ኤ.አ. አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ በመጽሐፉም ወንጀል የበዛበትን ክፍል በጠቈረ ቀለም፥ ያነሰበትን በነጣ ቀለም የሚያሳይ ካርታ አተመ። በሰው አካልና ሕይወት ላይ ስለሚደርስ ወንጀል ባደረገው ስሌት መሠረት፥ በኮርሲካ ደሴት ከ2,199 ነዋሪዎች አንድ ተከሳሽ ሲገኝ፥ በመካከለኛው ፈረንሳይ ባለው በክረዝ ግን አንድ ተከሳሽ የሚገኘው ከ37,014 ነዋሪዎች ነበር። ልዩነቱ ወደ ዐሥራ ሰባት እጥፍ የሚጠጋ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ሹማምንት ወንጀል የድንቍርና ልጅ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ጌሪ ግን ትምህርት ያልገባበት ክፍል ሁሉ ወንጀል የበዛበት አለመሆኑን በካርታው አሳያቸው። ይህ ነገር ዛሬም በየመሥሪያ ቤታችን ቢታወቅ ይጠቅማል፤ ስለ ጠረፍ አገር ስናስብ ሁሉን ነገር በትምህርት እጦት ማመካኘት ይቀለናልና።

ይሁን እንጂ ጌሪ የቈጠረው ተከሳሹን እንጂ ሟቹን አልነበረም። የኮርሲካ ገዳይ ብዙ ጊዜ ወደ ቍጥቋጦው ሸፍቶ ይኖር ነበር፤ ሟቹ ግን በቀዬው ይቀበር ነበር። በደሴቲቱ ደም በደም ይመለስ የነበረውም የሕዝቡ ተፈጥሮ ልዩ ስለ ሆነ አይደለም፤ ለረዥም ዘመን ከባሕር ማዶ ሆነው የገዟት የጄኖዋ ሹማምንት ፍርድ የማይታመን ስለ ነበር፥ ሰው ደሙን በራሱ እጅ መመለስን ለመደ። በ1853 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት በኮርሲካ መሣሪያ መያዝን በሕግ ከለከለ፤ ዘበኞችንም አበዛ፤ ግድያውም ቀነሰ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነበር፤ ተራራውም ያው ተራራ ነበር።

በአሜሪካም እንዲሁ ሬድፊልድ የተባለ ጋዜጠኛ በሰሜንና በደቡብ ያለውን የነፍስ ግድያ የሚያነጻጽር መጽሐፍ በ1880 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በመላ አገሪቱ አንድ ወጥ የመንግሥት መዝገብ ስላልነበረ ብዙውን ነገር የለቀመው ከየጋዜጣው ነው፤ በደቡብ የሚገደለው ሰው ከሰሜኑ እጅግ የበዛ መሆኑንም አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ስለ ምክንያቱ ሲከራከሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ኒስቤትና ኮኸን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1996 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት አስተያየት ብዙ ሰው ወዶታል፤ ይኸውም የከብት አርቢ ሀብት በአንድ ሌሊት ተነድቶ ሊወሰድ የሚችል ስለ ሆነ፥ አርቢው «ይህ ሰው አይነካም» መባልን እንደ አጥር ይጠቀምበታል፤ ስለዚህም ክብሩ ሲነካ ፈጥኖ ይገድላል የሚል ነው። ሐሳቡ ለእኛም አገር ቈላዎች የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን ማኦውም፥ ኮሞውም፥ ግዋማውም በአብዛኛው ማሽላ የሚዘራ፥ ማር የሚቈርጥ፥ የሚያድን ሕዝብ እንጂ የከብት መንጋ የሚከተል አይደለም። ስለዚህ ይህንን ቍልፍ ወደ ቶንጎ ብንወስደው በሩን አይከፍትልንም።

አሁን ወደ ሟቹ ሰው እንመለስ።

ሰውየው የሞተው በ1890ዎቹ ዓ.ም. ነው እንበል። ራስ መኰንን የቤኒሻንጉልን አገር በ1890 ዓ.ም. ዘምተው ለዐፄ ምኒልክ መንግሥት አስገብተውታል። የአሶሳው ሼኽ ሖጀሌ አል ሐሰንም ከጊዜ በኋላ ከአካባቢው ባላባቶች ሁሉ የገነኑ ሆነዋል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የሱዳንን ወሰን በውል ወሰኑ፤ በተከታዩም ጊዜ ሻለቃ ግዊን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ መስመሩን በምድር ላይ አመለከተ። መስመሩ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ ቢሆንም በሥፍራው የነበረው ኑሮ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አልነበረም። በዚያ ዘመን ማኦውንና ኮሞውን፥ ግዋማውንም ባሪያ ፈንጋይ ያሳድደው ነበር። ሰው ይያዛል፥ ይሸጣል፥ ወሰን ተሻግሮ ይነዳል፤ የሚሮጠው ወይም የሚዋጋው በመንገድ ይወድቃል። ይህ የወደቀው ሰው በየትኛው መዝገብ ተጻፈ?

በመሀል አገር ሥርዐት ሰው የገደለ ሰው ሲያዝ ወደ ዳኛ ይቀርብ ነበር፤ ጥፋተኛነቱ ሲረጋገጥ፥ የሞት ፍርዱም በንጉሡ ሲጸና፥ ለሟች ወገን ይሰጣል፤ ወገኑም ወይ ደሙን ይመልሳል፥ ወይ አስታራቂ ገብቶ የደም ካሳ ይቀበላል። ገዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ እስኪያወጣ ድረስ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ግን «ደሜን» ብሎ የሚጮኽ ወገን ሲኖር ነው። በፈንገላ የተበተነ ቤተ ሰብ ማን ፊት ቆሞ ይጮኻል? ፈንጋዩ ራሱ የባለሥልጣን ሎሌ በሆነበት አገርስ ማን ይሰማዋል? እንዲያውም ስለዚያ ዘመን ፈንገላ ብዙ የተጻፈው በእኛ በኩል ሳይሆን ከወሰኑ ማዶ በነበሩት የእንግሊዝ ሹማምንት እጅ ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የባርነትን ነገር የሚመለከት ዐዋጅ ወጣ፤ ጠረፉ ግን ከአዲስ አበባ ሩቅ ነበርና ዐዋጁ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ወሰደ። በዚያ ዘመን የዛሬውን ዐይነት ወረቀት የሚያዘጋጅ ጸሐፊ ቢኖር ኖሮ፥ በዚህ አካባቢ ስም ፊት የሚጽፈው ቍጥር እጅግ ትንሽ፥ ምናልባትም ባዶ በሆነ ነበር። አንባብያን ሆይ፥ ባዶ ረድፍ ሁሉ የሰላም ምልክት አለመሆኑን ከዚህ ተገንዘቡ።

ሁለተኛውን ዘመን እንመልከት። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ስለ ፍርድ አስተዳደር ዐዋጅ ወጣ፤ ፍርድ ቤቶችም በደረጃ ተደራጁ። በ1939 ዓ.ም. የአጥቢያ ዳኞች ተቋቋሙ፤ ሥልጣናቸው ግን ለትንንሽ ነገር ብቻ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተካው አዲሱ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታወጀ፤ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ ሰው መግደል በሦስት ተለይቶ ተጻፈ፤ ከባዱ በቍጥር 522፥ ተራው በቍጥር 523፥ ቀላሉ በቍጥር 524። የሕጉ አቀራረብ የተጣራ ነው፤ የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን የደከሙበት ሥራ ነው። ስለዚህ በቶንጎ አጠገብ የሞተው ሰው፥ ቢያንስ በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ፥ ከአዲስ አበባው ሟች ጋር ትክክል ሆነ።

በምድር ላይስ? የአሶሳ አገር ያን ጊዜ የወለጋ ጠቅላይ ግዛት አካል ነበር፤ የጠቅላይ ግዛቱም ከተማ ነቀምቴ ነበረች። ከባድ የነፍስ ግድያ የሚዳኘው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር። ከአሶሳ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ የዳቡስን ወንዝ ይሻገራል፤ በክረምት ጭቃው እንኳን ለእግረኛ ለመኪናም አይመችም። እንግዲህ ምስክሩ ማሳውን ጥሎ፥ ስንቅ ቋጥሮ፥ የማያውቀውን አገር አቋርጦ፥ በማያውቀው ቋንቋ ሊጠየቅ መሄድ አለበት፤ ቀጠሮው ቢለወጥ ደግሞ እንደ ገና ይመለሳል። ይህንን የሚያደርገው ምስክር ጥቂት ነው። ስለዚህ በፖሊስ ጣቢያ የተከፈተ መዝገብ ሁሉ በፍርድ ቤት መዝገብ አይቋጭም ነበር፤ በሽማግሌ ፊት ያለቀው ነገር ደግሞ ከሁለቱም ሳይገባ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ስለ ሽማግሌዎቹ ጥቂት ብንቈይ ይገባናል፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነውና።

በወለጋ ኦሮሞ ዘንድ የሰው ደም የሚደርቀው በጉማ ነው። ገዳዩ ከሟች ወገን ዐይን ይሰወራል፤ የገዳዩ ዘመድ ሽማግሌ ይለምናል፤ ካሳው ይቈረጣል፤ ከብት ታርዶ፥ ደሙ ተነክቶ፥ መሐላ ተደርጎ ሁለቱ ወገን ይታረቃሉ። በብዙ የኦሮሞ አገር የጉማው ስም ጥሪ መቶ ከብት ነው፤ በተግባር ግን ሽማግሌዎች እንደ ከፋዩ ዐቅም ይቀንሱታል። በእስልምና ሕግ ደግሞ ዲያ አለ፤ የጥንቱ ልኩ መቶ ግመል ነው፤ እንደ በርታ ያለው የእስላም ሕዝብ ሼኾቹን የሚሰማው በዚህ መንገድ ነው። ወደ ሰሜን አባይን ተሻግረን መተከል ብንደርስ፥ በጉሙዝ ዘንድ የአንድ ሰው ደም የግል ዕዳ አይደለም፤ የጐሣው ሁሉ ዕዳ ነው፤ የሚታረቁበትም ሥርዐት ማንጊማ ይባላል። ጉሙዝና ኦሮሞ የሚወዳጁበት ሚቹ የሚባል የወዳጅነት ቃል ኪዳን ደግሞ አለ፤ ይህ ጠብ ከመነሣቱ በፊት የሚታሰር ማሰሪያ ነው።

እንግዲህ የእነዚህን ሥርዐቶች ሥራ በአኀዝ ዐይን እንመልከተው። ሽማግሌ የሚሰማበት አገር አንዱ ግድያ ሁለተኛውን እንዳይወልድ ይከለክላል፤ ስለዚህ የሚገደለው ሰው በእውነት ያንሳል። ነገር ግን ያው ሽማግሌ የመጀመሪያውን ግድያ ከመንግሥት መዝገብ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ የሚጻፈው ቍጥር ከእውነቱም የበለጠ ያንሳል። የሽማግሌው ክብር በተሰበረ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ግድያውም ይበዛል፥ የተበደለው ወገን ወደ ፖሊስ ስለሚሮጥ የሚመዘገበውም ይበዛል፤ ወረቀቱ ላይ ጭማሪው ከእውነተኛው ጭማሪ ይበልጣል። አዲስ ፖሊስ ጣቢያ በተከፈተበት ወረዳ የነፍስ ግድያ «ሲጨምር» ያየ አለቃ ጣቢያ አዛዡን ከመውቀሱ በፊት ይህንን ቢያስብ መልካም ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ግንቦት ወር ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539፥ 540 እና 541 የቀድሞውን ሦስትዮሽ ክፍፍል ጠብቋል፤ ተራው የሰው መግደል ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሕገ መንግሥቱ የሃይማኖትና የባህል ዳኝነትን ያወቀው በግልና በቤተ ሰብ ጕዳይ ነው፤ ነፍስ ግድያ በዕርቅ ሊዘጋ አይችልም። ሆኖም ገዳዩ ተጸጽቶ የካሰ እንደ ሆነ ዳኛው ቅጣቱን ያቀልለታል። ሕጉ እንዲህ ሲል መልካም አድርጓል እላለሁ፤ ደሙ የመንግሥትም የወገንም ነውና። የሚያስቸግረው ዕርቁ ከክሱ ቀድሞ ሲፈጸም ነው። የታረቁ ሰዎች ለመመስከር አይመጡም፤ ዐቃቤ ሕጉም መዝገቡን በማስረጃ እጦት ይዘጋዋል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሟች በፖሊሱ ዘገባ አለ፥ በፍርድ ቤቱ ዘገባ የለም፥ በጤና ጣቢያው ወረቀት ላይ ደግሞ «በጕዳት የሞተ» ተብሎ ብቻ ተጽፏል። ሦስት መሥሪያ ቤት ሦስት ቍጥር ሲያቀርብ ሁልጊዜ አንዱ ዋሸ ማለት አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ላይኛው አኀዝ ነው፤ ማለት ስለ ሟቾች። ታችኛው አኀዝ፥ ሟቾቹ የሚካፈሉበት የሕዝብ ብዛት፥ ከዚያ የሚያንስ ችግር የለበትም። በዓለም የሚሠራበት ልክ ከ100,000 ሰው በዓመት ስንት ተገደለ የሚለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መሥሪያ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 464,000 ሰው በነፍስ ግድያ እንደ ሞተ ገምቷል፤ ይህም ከ100,000 ሰው 6.1 ይሆናል። ለአፍሪካ 13፥ ለእስያ 2.3 ያህል ሰጥቷል። ለኢትዮጵያ ለ2012 እ.ኤ.አ. ቀርቦ የነበረው 12 ገደማ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ከየወረዳው መዝገብ ተደምሮ የተገኘ ሳይሆን ከሌሎች ነገሮች ተነሥቶ በስሌት የተገመተ ነው። ግምቱ ለአገር ሁሉ ሊጠቅም ይችላል፤ ጎጃምን ከወለጋ፥ ቶንጎን ከአሶሳ ለማነጻጸር ግን አያገለግልም።

በአገራችን ዘመናዊ የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፥ በ1987ና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው በተደጋጋሚ ተላልፏል። ስለዚህ ዛሬ የምናካፍልበት የሕዝብ ቍጥር ሁሉ ከ1999 ዓ.ም. ተነሥቶ የተገመተ ነው። በትልቅ ክፍል ይህ ስሕተት ይቻቻል፤ በትንሽ ወረዳ ግን አይቻቻልም። 50,000 ሰው ያለበትን አንድ ወረዳ ብናስብ፥ በዓመት ሦስት ሰው ቢገደል ልኩ 6 ይሆናል፤ የዓለሙ አማካይ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በአንድ የሠርግ ቤት ጠብ ሦስት ሰው ቢጨመር ልኩ 12 ይሆናል፤ «ወንጀል በመቶ እጅ መቶ ጨመረ» ተብሎም ይጻፋል። የወረዳው ሕዝብ ጠባይ ግን በአንድ ሌሊት አልተለወጠም።

ከዚህ ሌላ የረድፉ ስም ራሱ ይለወጣል። ቶንጎ በወለጋ ሥር ነበረች፤ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አሶሳና መተከል የየራሳቸው አስተዳደር አካባቢ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ቀድሞ በጎጃም ሥር የነበረው መተከልና ቀድሞ በወለጋ ሥር የነበረው አሶሳ ተገናኝተው አንድ ክልል ሠሩ። ጐረቤታሟ ቤጊ ወደ ኦሮሚያ ስትገባ ቶንጎ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቀረች። የድሮውን የወለጋ ዘገባ ከዛሬው ጋር የሚያስተያይ ሰው የሚያስተያየው አንድ ዐይነት ምድር አይደለም።

አንድ የቅርብ ጊዜ ኀዘን ይህን ያስረዳል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ የታጠቁ ሰዎች በማለዳ ገብተው ነዋሪውን ፈጁት። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጀመሪያ ከ100 በላይ ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ፤ አስከሬን ተሰብስቦ ሲቀበር ቍጥሩ ከ200 በላይ መሆኑ ታወቀ። አሁን ይህንን በወረቀታችን ላይ እናስገባው። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕዝብ 784,345 ነበር። በዚህ ብናካፍለው የአንድ ቀበሌ የአንድ ማለዳ እልቂት ብቻ በክልሉ ልክ ላይ ከ25 በላይ ይጨምራል። ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ 1,100,000 ደርሷል ብለን ብንገምት ጭማሪው 18 ይሆናል። እንግዲህ የቶንጎው የማር ቈራጭ፥ በመካከላቸው አባይና የብዙ ቀን መንገድ እያለ፥ በበኩጂ በተፈጸመው ግፍ ምክንያት «የነፍሰ ገዳይ ክልል ሰው» ይሆናል። የበኩጂ ሟቾች ራሳቸውም በዚሁ ስም ውስጥ ይቈጠራሉ፤ ከዚህ የበለጠ ግፍ ምን አለ?

አኀዝ ዐዋቂዎች ለዚህ መልስ አላቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ስታቲስቲክስ ኮሚሽን ያጸደቀው የወንጀሎች አመዳደብ በጦርነት የሚሞተውን ሰው ከነፍስ ግድያ ይለያል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከላይ ከጠቀስናቸው 464,000 ሟቾች ሌላ 89,000 ሰዎች በጦርነት እንደ ሞቱ ለብቻ የተቈጠረው ስለዚህ ነው። በወረቀት ላይ መለየቱ ደግ ነው። ጠረፍ ላይ ግን የትኛው ጦርነት፥ የትኛው ሽፍትነት፥ የትኛው የመሬት ጠብ እንደ ሆነ ማን ይለያል? በ1982 ዓ.ም. አሶሳ በውጊያ ስትያዝ የተገደሉት ከወሎ የመጡ ሠፋሪዎች መሣሪያ ያልያዙ ገበሬዎች ነበሩ። ጦርነት ስለ ነበረ ከነፍስ ግድያ ረድፍ ወጡ፤ ወታደር ስላልነበሩም ከሠራዊቱ የሟቾች ዝርዝር አልገቡም። የሁለት መዝገብ ሰው ብዙ ጊዜ በአንዱም አይገኝም።

ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ጊዜ ወስደን ሰውየው የሞተው በእኛው ዘመን ነው እንበል። በ2004 ዓ.ም. ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ቍጥር 760 ወጣ፤ ምዝገባውም በመላ አገሪቱ በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚህ ዐዋጅ መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ይህ ከፖሊስም ከፍርድ ቤትም የተለየ፥ ሟቹን እንደ ሟች የሚጽፍ መዝገብ ነው፤ ገዳዩ ቢታወቅ ባይታወቅ፥ ወገን ቢታረቅ ባይታረቅ፥ ሞቱ ይጻፋል። ሕጉ በ2009 ዓ.ም. ተሻሽሎ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞችም እንዲመዘገቡ ሆነ። ይህ ለቶንጎ ትልቅ ነገር ነው። በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ከተነሣ በኋላ በ2004 ዓ.ም. በቶንጎ የስደተኞች መጠለያ ተከፍቶ ነበር፤ ከመጡትም ውስጥ ከወሰኑ በዚህ በኩል ካሉት ጋር የአንድ ቋንቋ ዘመድ የሆኑ አሉባቸው። እነዚህ ሰዎች በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ የሉም፤ ሬሳቸው ቢገኝ ግን በላይኛው አኀዝ ይገባል፤ በታችኛው አኀዝ አይገባም።

የምዝገባው መጽሐፍ ያለው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው፤ የሚጽፈውም በዚያ የተቀመጠው የክብር መዝገብ ሹም ነው። ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም. በቶንጎ ከተማ አጠገብ በታጠቁ ሰዎችና በፌዴራል ጦር መካከል ውጊያ ሆነ። መጠለያው ተዘረፈ፥ ተቃጠለ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚያው ወረዳ ያለው የጉሬ ሾምቦላ መጠለያም ሰው ትቶት ነበር። ከሁለቱ መጠለያዎች የወጡት ከ20,000 በላይ ስደተኞች አብዛኞቹ በእግራቸው ወደ አሶሳ በኩል፥ ወደ ፆሬ መጠለያ አካባቢ ሄዱ። በዚያ ሳምንት በመንገድ የሞተ ሰው ቢኖር ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ የነበረበት ወገኑ ነው፤ የሚያስመዘግበው ግን በቶንጎ ነው ወይስ በፆሬ?